ሳትፈርሚ ጠይቂ፦ የሴት እንቁላል የሚያቀዘቅዝ ክሊኒክ እንዴት ይመረጣል?

የዛሬው ርዕሴ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ከእናንተው የመጣ ጥያቄ ስለሆነ በደስታ ነው የጻፍኩት።

እኔ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነኝ። በሥራዬ ምክንያት በየትምህርት ቤቱ ካሉ የፀረ ኤድስ ክበባት ጋር እየተገናኘሁ ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና እንወያያለን። ተማሪዎች በግልጽ ለመጠየቅ የሚያፍሩትን ነገር ስማቸውን ሳይጽፉ በጥያቄ ሳጥን ውስጥ ያስገባሉ። በቅርቡ ከሳጥኑ የወጣ አንድ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «አሜሪካ ያለችው አክስቴ እንቁላሏን በረዶ ቤት አስቀምጣለች አሉ። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ የምታስቀምጥበት ቦታ እምነት የሚጣልበት መሆኑን በምን አወቀች?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ምክንያቱም ጥያቄው ስለ እንቁላል ብቻ አይደለም። ሰውነታችንን፣ ገንዘባችንንና ምስጢራችንን ለአንድ የጤና ተቋም ከመስጠታችን በፊት ምን ብለን እንጠይቅ? የሚል ነው። እስቲ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ከመጀመሪያው እንነሣ።

ለመሆኑ እንቁላል ማቀዝቀዝ ምንድን ነው?

በባዮሎጂ ትምህርት እንደምትማሩት አንዲት ሴት ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ እንቁላሎችን ይዛ ነው። የወንድ የዘር ፍሬ በየጊዜው አዲስ ይመረታል፤ የሴት እንቁላል ግን እንደዚያ አይደለም። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የሚቀሩት ከ300 ሺህ እስከ 400 ሺህ ያህል ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ በየወሩ እየበሰሉ የሚወጡት በዘመኗ ሁሉ ቢደመሩ ከ400 እስከ 500 ቢሆኑ ነው። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ብዛታቸውም ጥራታቸውም ይቀንሳል። በተለይ ከ35 ዓመት በኋላ ቅነሳው ይፈጥናል።

በመሆኑም አንዳንድ ሴቶች እንቁላላቸው ጤናማ ሳለ አስወጥተው ያስቀምጣሉ። ዋነኞቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የጤና ችግር ነው። ለምሳሌ የካንሰር ሕክምና እንቁላሎችን ሊጎዳ ስለሚችል ከሕክምናው በፊት ማስቀመጥ ለአንዲት ወጣት የወደፊት ተስፋዋን ማትረፍ ማለት ነው። ሁለተኛው ትዳር፣ ሥራ ወይም ትምህርት የልጅ መውለጃውን ጊዜ ሲያዘገየው የሚደረግ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሴትየዋ ከ10 እስከ 12 ለሚሆኑ ቀናት የሆርሞን መርፌ ትወጋለች። ዓላማው በወሩ ውስጥ አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ እንቁላሎች አብረው እንዲበስሉ ነው። በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ክትትል ይደረግላታል። ከዚያም ማደንዘዣ ተሰጥቷት ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ በቀጭን መርፌ እንቁላሎቹን በብልቷ በኩል ይወስዳል። የተወሰዱት እንቁላሎች በጣም በፍጥነት ቀዝቅዘው በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣሉ። የቤት ፍሪጅ አይደለም ማለት ነው! ወደፊት ልጅ ስትፈልግ ይቀልጡና በላቦራቶሪ ከወንድ ዘር ጋር ተዋሕደው ጽንሱ ወደ ማሕፀኗ ይገባል።

ሕክምናው የራሱ አደጋ አለው። አንዳንድ ሴቶች ሰውነታቸው ለመርፌው ከመጠን በላይ ምላሽ ይሰጥና ሆዳቸው ይነፋል፣ ውኃ ይቋጥራል። አልፎ አልፎም ሆስፒታል የሚያስተኛ ሕመም ይሆናል።

ታሪኩም ረጅም አይደለም። ከማሕፀን ውጭ በተፈጠረ ጽንስ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 ተወለደች። በረዶ ከነበረ እንቁላል የተገኘው የመጀመሪያው ልደት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ዶክተር ክሪስቶፈር ቼን በአውስትራሊያ አድሌድ ከተማ ይፋ ያደረገው ነው፤ የተወለዱትም መንትዮች ነበሩ። ለብዙ ዓመታት ግን ውጤቱ ደካማ ነበር። እንቁላል ውስጡ ብዙ ውኃ ስላለ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው የበረዶ ስለት ይጎዳዋል። በኋላ ላይ ቪትሪፊኬሽን የሚባለው በቅጽበት የማቀዝቀዝ ዘዴ መጣ። በዚህ ዘዴ በረዶ ሳይፈጠር እንቁላሉ እንደ መስታወት ይጠጥራል። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2012 ሕክምናው «የሙከራ» መባሉ እንዲቀር አደረገ።

ዕድል እንጂ ዋስትና አይደለም

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባል የለ? የተቀመጠ እንቁላል ልጅ አይደለም። የልጅ ዕድል ነው። የዕድሉም መጠን በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በተቀመጠበት ዕድሜና በብዛቱ።

በቦስተን ከተማ የብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ስሌት ይህንን በደንብ ያሳያል። ቢያንስ አንድ ልጅ የመውለድ ዕድሏ 75 በመቶ እንዲሆን የ34 ዓመት ሴት 10 ያህል፣ የ37 ዓመት ሴት 20 ያህል፣ የ42 ዓመት ሴት ደግሞ 61 ያህል እንቁላሎች ማስቀመጥ ይኖርባታል። በአንድ ዙር ሕክምና 61 እንቁላል ማግኘት የማይታሰብ ነው። 75 በመቶ ማለትም ከአራት ሴቶች አንዷ ባዶ እጇን ትቀራለች ማለት ነው። ይህንን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ክሊኒክ ሲመረጥ የሚጠየቁ ስድስት ጥያቄዎች

1. ማን ፈቃድ ሰጠው? ማንስ ይቆጣጠረዋል?

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የተቋቋመ መንግሥታዊ ባለሥልጣን አለ። ይህ ባለሥልጣን ሳይፈቅድ ማንም ክሊኒክ እንቁላል ማስቀመጥ አይችልም። ባለሥልጣኑ ክሊኒኮቹን እየዞረ ይመረምራል፣ ያገኘውንም ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። አሜሪካ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ አንድ ፈቃድ ሰጪ የለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሕግ ክሊኒኮች ውጤታቸውን ለመንግሥት እንዲያሳውቁ ያዛል፤ ላቦራቶሪዎቻቸውን ደግሞ የሙያ ማኅበራት እየፈተሹ የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ስለዚህ እዚያ የምትኖር ሴት የላቦራቶሪውን ምስክር ወረቀት ራሷ ጠይቃ ማየት አለባት።

ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። እስራኤል የጤና ችግር ለሌላቸው ሴቶች እንቁላል ማስቀመጥን ከ30 እስከ 41 ዓመት ዕድሜ ፈቅዳለች። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕጓን አሻሽላ ከ29 እስከ 37 ዓመት ላሉ ፈቀደች። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ማስቀመጡን ብትፈቅድም መጠቀም የሚቻለው ሲያገቡ ብቻ ነው። ሕጉን ሳያውቁ ማስቀመጥ ቁልፉን ሌላ ሰው የያዘው ሣጥን ውስጥ ንብረት እንደ ማኖር ነው።

2. የስኬት ቁጥራችሁ የምኑ ቁጥር ነው?

ይህ ከሁሉም ዋናው ጥያቄ ነው። የአክስቴ ልጅ ያጋጠማትን ልንገራችሁ። የምትኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት ነው። አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ሌሊት ሌሊት እየሠራች ትማራለች። 34 ዓመት ሲሞላት እንቁላሏን ለማስቀመጥ አሰበች። ለእናቷ መንገር ስለከበዳት ለእኔ ደወለች።

መጀመሪያ የሄደችበት ክሊኒክ የቆዳ ሶፋ፣ ትኩስ ቡና፣ ፈገግታ የማይለያት እንግዳ ተቀባይ ነበረው። «የእኛ ስኬት 90 በመቶ ነው፤ ዛሬ ከፈረምሽ ደግሞ ቅናሽ አለሽ» አሏት። እሷም ልትፈርም ተቃርባ ነበር። በስልክ ስትነግረኝ «90 በመቶው የምኑ ነው?» አልኳት። በማግስቱ ደውላ ጠየቀች። ለካስ 90 በመቶ ያሉት ሲቀልጡ ሳይሞቱ የሚተርፉትን እንቁላሎች ነው! ልጅ የወለዱትን ሴቶች አይደለም። ስንት ሴቶች እንደወለዱ ስትጠይቅ «ሐኪሙ ያብራራልሻል» ተባለች፤ ሐኪሙን ለማግኘት ደግሞ መጀመሪያ መክፈል ነበረባት።

ልዩነቱን አስቡት። 10 እንቁላሎች ቢቀልጡ 9ኙ ይተርፉ እንበል። ከ9ኙ ከወንድ ዘር ጋር የሚዋሐዱት 6 ወይም 7 ሊሆኑ ይችላሉ። ከተዋሐዱት ውስጥ እስከ አምስተኛው ቀን አድገው ለማሕፀን የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። ማሕፀን ከገቡትም ሁሉም አይያዙም። እንግዲህ «90 በመቶ» ከላይኛው ደረጃ ላይ የተነሣ ፎቶ ነው፤ ሴትየዋ የምትፈልገው ግን የመጨረሻውን ደረጃ ነው።

ሁለተኛው ክሊኒክ ትንሽ ነበር፤ ወንበሮቹም አሮጌ ናቸው። ነገር ግን የላቦራቶሪው ኃላፊ ራሱ ወጥቶ አነጋገራት። «በአንቺ ዕድሜ 10 ያህል እንቁላል ቢቀመጥ ከአራት ሴቶች ሦስቱ ይወልዳሉ ተብሎ ይገመታል፤ አንዷ አትወልድም። እኛ ዘንድ ተመልሰው እንቁላላቸውን የተጠቀሙት ገና ጥቂቶች ስለሆኑ የራሳችንን ቁጥር አስበልጬ ልነግርሽ አልችልም» አላት። ይህንኑም በወረቀት ጽፎ ሰጣት። እሷም ይህንን መረጠች። 11 እንቁላሎች ተቀመጡላት። «ልጅ አለኝ አልልም፤ ዕድል ግን አስቀምጫለሁ» ትላለች።

እኔ ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። እምነት የሚጣልበት ተቋም የማያውቀውንና የማይችለውን ጭምር የሚናገር ነው። ያማረ አቀባበል ስለ ላቦራቶሪው ምንም አይነግረንም።

3. ሌሊት ታንኩን ማን ይጠብቃል?

የናይትሮጅን ታንክ በየጊዜው መሞላትና መጠበቅ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልስ የመካንነት ሕክምና ማዕከል የአንድ ታንክ ሙቀት በሳምንት መጨረሻ ከፍ አለ። ለሠራተኞች መልእክት የሚያስተላልፈው ማንቂያ ጠፍቶ ስለነበር ማንም አልደረሰም። ከ4,000 በላይ እንቁላሎችና ጽንሶች ተበላሹ። በዚያው ሰሞን በሳን ፍራንሲስኮም በፓሲፊክ ፈርቲሊቲ ሴንተር ሌላ ታንክ ተበላሸ። በሳን ፍራንሲስኮው ጉዳይ ፍርድ ቤት ያስቻለው የዳኞች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ለአምስት ከሳሾች 15 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካሣ እንዲከፈል ወሰነ። ከጥፋቱ አብዛኛውን ያሸከመው በታንኩ አምራች ላይ ሲሆን ክሊኒኩንም በከፊል ተጠያቂ አድርጓል።

ከእነዚህ ሴቶች መካከል በካንሰር ሕክምና ምክንያት ዳግመኛ እንቁላል ማስወጣት የማይችሉ ነበሩ። ካሣው ያንን አይመልስም። ስለዚህ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፦ ማንቂያው ለማን ይደውላል? በበዓል ቀንስ? መጠባበቂያ ታንክ አላችሁ? የአንድ ሴት እንቁላሎች በሁለት ታንክ ተከፍለው መቀመጥ ይችላሉ?

4. የደም ምርመራውና ምስጢር አጠባበቁ እንዴት ነው?

ይህ ጥያቄ ከመጽሔታችን ዓላማ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ደንበኛዋ ከመጀመሯ በፊት ኤች.አይ.ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ ትመረመራለች። ይህ እሷን መጠርጠር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ከለንደን የወጣ አንድ የሕክምና ዘገባ፣ ለካንሰር ሕሙማን የመቅኔ ናሙና በተቀመጠበት የናይትሮጅን ታንክ ውስጥ ከፈሰሰ ከረጢት የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ወደ ሌሎች ሕሙማን መተላለፉን አሳወቀ። የተቀመጠው እንቁላል አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ዓይነት ማከማቻ ደረሰ። ጥሩ ተቋም ሁሉንም ይመረምራል፣ ቫይረስ ያለበትን ናሙናም በተለየ ታንክ ያስቀምጣል።

ታዲያ ኤች.አይ.ቪ በደሟ የተገኘ ሴት ትባረራለች ማለት ነው? አይደለም። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር የሥነ ምግባር ኮሚቴ አቅሙ ያለው ተቋም በኤች.አይ.ቪ ምክንያት ብቻ አገልግሎቱን መንፈግ እንደሌለበት ገልጿል። መድኃኒቷን በአግባቡ የምትወስድና በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሴት በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አታስተላልፍም። በሕክምና ክትትልም ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ መውለድ ትችላለች። ስለዚህ «ውጤቴን ማን ያየዋል? የት ይጻፋል?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው። ስለ ሌላ ደንበኛ በፊታችሁ የሚያወራ ሠራተኛ ነገ ስለ እናንተም ያወራል።

5. ጠቅላላ ዋጋው ስንት ነው?

የማስታወቂያው ዋጋ ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ ነው። የእንግሊዙ ባለሥልጣን ቀደም ሲል ባወጣው መረጃ እንቁላል ማስወጣቱና ማቀዝቀዙ በአማካይ 3,350 ፓውንድ ነበር። መድኃኒቱ ከ500 እስከ 1,500 ፓውንድ ለብቻው ይከፈል ነበር። ማስቀመጫው በየዓመቱ ከ125 እስከ 350 ፓውንድ ነበር። በኋላ ማቅለጡና ጽንሱን ማስገባቱ ደግሞ ሌላ 2,500 ፓውንድ ያህል ይጠይቅ ነበር። ለ10 ዓመት የሚቆይ ከሆነ ደምሩት! «ጠቅላላውን በወረቀት ስጡኝ» ማለት ስስት አይደለም።

6. ውሉ ምን ይላል?

ክፍያ ቢቋረጥ እንቁላሎቹ ምን ይሆናሉ? ክሊኒኩ ቢዘጋ ወይም ቢሸጥስ? ወደ ሌላ ከተማ ማዛወር ይቻላል? ባለቤቷ ብትሞት ማን ይወስናል? ለስንት ዓመት ይቀመጣል? እንግሊዝ ውስጥ የጊዜ ገደቡ ቀድሞ በመሠረቱ 10 ዓመት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ግን በየ10 ዓመቱ ፈቃድ እየታደሰ እስከ 55 ዓመት መቆየት ይችላል። የስምምነት ፎርሙን ቤት ወስዶ ለማንበብ የማይፈቅድ ተቋም ሲያጋጥም ቦርሳን አንሥቶ መውጣት ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች ምን ይሠራልናል?

ጤነኛ የሆነች የ16 ዓመት ልጅ እንቁላል ስለማስቀመጥ የምትጨነቅበት ምክንያት የለም። ሆኖም ሁለት ቁም ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ የመውለድ አቅምን መጠበቅ የሚጀምረው ከክሊኒክ ሳይሆን ከዛሬ ነው። እንደ ጨብጥና ክላሚዲያ ያሉ የአባላዘር በሽታዎች ሳይታከሙ ሲቆዩ የማሕፀን ቱቦን ሊዘጉና መካንነትን ሊያስከትሉ ይችላሉ። ክላሚዲያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። መታቀብ፣ በትክክል ኮንዶም መጠቀምና በጊዜ መመርመር ከኤች.አይ.ቪ ብቻ ሳይሆን ከዚህም ይጠብቃሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው። በአገራችንም የመካንነት ሕክምና ወደ መንግሥት ተቋም የገባው በቅርቡ ነው፤ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ማዕከል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ሁለተኛው፣ የመጠየቅ ልምድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ ስማር ዕውቀት ያለው ሰው በሌለው ላይ ሥልጣን እንዳለው ተምሬአለሁ። በሥራዬ ደግሞ በዓይኔ አየዋለሁ። ብዙዎቻችን ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ፊት ስንቀርብ አንገታችንን ደፍተን «እሺ ዶክተር» ብቻ ብለን እንወጣለን። የታዘዘልን መድኃኒት ለምን እንደሆነ አናውቅም። ቤት ስንደርስ ጎረቤት እንጠይቃለን። ታላቅን ማክበር መልካም ባህላችን ነው፤ በትሕትና መጠየቅ ግን አክብሮትን አይቀንስም። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ መድኃኒት የምን ነው? ካልወሰድኩትስ ምን እሆናለሁ?» ማለት ድፍረት አይደለም። ለኤች.አይ.ቪ ምርመራ ስትሄዱም ያው ነው፦ ምክር ትሰጡኛላችሁ? ውጤቴን ማን ያውቃል? ቫይረሱ ቢገኝብኝ ሕክምናውን የት እጀምራለሁ?

ጥሩ ባለሙያ በጥያቄ አይከፋም። እንዲያውም ጠያቂ ታካሚ መድኃኒቱን በትክክል ስለሚወስድ ሥራውን ያቀልለታል።

በክበባችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

ሀ. አንድ የሕክምና ማስታወቂያ «95 በመቶ ስኬታማ» ቢል ምን ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

ለ. በአካባቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ የወጣቶችን ምስጢር በሚገባ የሚጠብቅ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?

ሐ. ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ታካሚ በመሆን በትሕትና መጠየቅን ተለማመዱ። ታካሚው ቢያንስ ሦስት ጥያቄ ሳይጠይቅ አይነሣ።

መልሶቻችሁን ጻፉልን፤ ሌላ ክበብም ይማርባቸዋል። እስከዚያው ቸር እንሰንብት!